ፀሐይ ላይ የተከፈተ ካርቶን

ሰው ቅጽል ስም ሲያወጣ አይሳሳትም የሚሉ አሉ። ይሳሳታል። የእንጆሪ ላኪዎች ማኅበር ሊቀመንበሯን ሁሉም ሰው «ምላጯ» ይላታል፤ ስሙ የወጣላት በምላሷ ነው። መካኒክ አታሎ ያገለገለ ዕቃ ቢገጥምባት፣ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መፍቻውን አስቀምጦ እስኪሰማት ድረስ ትሸነቁጠዋለች። ጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ተጠርታ ትሄድና ሁለቱንም አሳፍራ፣ ሁለቱንም አስቃ ትመለሳለች። ምላሷ አጥንት የለውም እያሉ ያሟታል፤ ችግር ሲመጣ ግን በሯን የሚያንኳኩት እነዚያው ሐሜተኞች ናቸው። እንግዲህ ይህች ምላጭ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትናገር በተላከችበት ቀን ቅቤ እንኳ መቁረጥ አቃታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጆሪ ቅብጥብጥ ፍሬ ነው። ጎህ ሲቀድ ይለቀማል፣ ፀሐይ ሳያየው ማሸጊያ ቤት ይገባል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያድራል፣ በማቀዝቀዣ መኪና ተጭኖ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ እንደ ሙሽራ ነው፤ ማንም አይነካካውም። የጭነት ግቢው ሲደርስ ግን ካርቶኖቹ ይወርዱና ገላጣ ሜዳ ላይ በተደረደሩ የብረት ጠረጴዛዎች ላይ ይከፈታሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ተባይ አለ የለም፣ ከእንጆሪው ሥር የተደበቀ ነገር አለ የለም ብለው እስኪጨርሱ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት። ከብርድ የወጣ ፍሬ ድንገት ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል። ካርቶኑ ተመልሶ ሲታሸግ ላቡም አብሮ ይታሸጋል፤ ባሕር ማዶ ሲከፈት እንጆሪው ነጭ ፀጉር አብቅሎ ይገኛል። ገዢዎቹ ባለፈው ወቅት ቁርጡን ተናግረዋል፤ ዘንድሮም ሻጋታ ከላካችሁ ከሌላ እንገዛለን ብለዋል።

መድኃኒቱን ሁሉም ያውቀዋል። ተቆጣጣሪዎቹ ማሸጊያ ቤት ድረስ መጥተው ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ይፈትሹ፣ እዚያው አሽገው ማኅተማቸውን ያድርጉበት፣ መኪናው ቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ ይሂድ። ይኸው ነው። ጥያቄው የሚቀርብበት ቦታም አለ፤ መንግሥትና ላኪዎች በየወቅቱ መጀመሪያ ፊት ለፊት የሚገናኙበት የጋራ መድረክ። ደንቡ ቀላል ነው። ችግር ያለበት ነጋዴ ራሱ ተነስቶ በአፉ ይናገራል፣ የሚመለከተው ኃላፊ እዚያው መልስ ይሰጣል፣ የተባለው በዚያው ወቅት ይፈጸማል። ያልተነሳ ጉዳይ ግን ችግር የለበትም ተብሎ ይታለፋል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ነው ነገሩ። ላኪዎቹ ተሰብስበው «ታዲያ ማን ይጩኽልን?» ሲባባሉ ሁሉም ዞረው ያዩት አንድ ሰው ነው።

«ለዚህች ነው እንዴ እንዲህ የምትንቀጠቀጡት?» ብላ ሳቀችባቸው ምላጯ። «ማይኩን ብቻ ያስጨብጡኝ። ጠረጴዛቸውን ራሳቸው ተሸክመው ያስገቡታል።»

ሳቁ፤ አጨበጨቡላት። እሷም ደስ ብሏት በማግሥቱ ከማሸጊያ ቤቷ ቀዝቃዛ ክፍል አንዱን ጥግ አስለቀቀች፤ ለተቆጣጣሪዎቹ ብላ ነጭ ጠረጴዛ አስገባች፤ ከላዩ ደህና መብራት አስተከለች። ጠረጴዛው የልብስ መስቀያ እንዳይሆን ሠራተኞቿን አስጠነቀቀች።

ከሁሉም አብልጦ ያመናት ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአባታቸው የወረሰው ማሳ ላይ በቆሎ ሲዘራ የኖረ ጭምት ሰው ነው። በእህቱ ቃል በቆሎውን ትቶ ማሳውን በሙሉ እንጆሪ አደረገው። ሚስቱ «ምናለ ጫፉን እንኳ ለበቆሎ ብንተው» ብትለው፣ «እታለም ትናገራለች፤ እሷ ከተናገረች ደግሞ ያለቀለት ነው» አላት። ዘንድሮ ገዢዎቹ ከሄዱ ያ ማሳ ይነቀላል። ምላጯ ይህን ታውቃለች። አዳራሹ ስትገባ ልቧ ውስጥ የነበረውም ይኸው ማሳ ነው።

አዳራሹ እንደማንኛውም የመሥሪያ ቤት አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ ማይኩ ሲነኩት ያፏጫል፤ አንድ እግሯ የሚወላገድ ወንበርም አለች፣ እሷ ሁልጊዜ ለዘገየ ሰው ትደርሳለች። ላኪዎቹ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተደረደሩ። ምላጯን ግን የመድረኩ አስተባባሪ፣ ከዋና ኃላፊው ቢሮ የመጣች ቀጠን ያለች ወጣት፣ እጇን ይዛ ወደ ፊት ወሰደቻት። ያስቀመጠቻት ማን ጎን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ አደባባይ ጎን!

ጋሽ አደባባይ የጭነት ግቢው የቁጥጥር ኃላፊ ናቸው። ድሮ ፍተሻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነጋዴና ተቆጣጣሪ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም አፌን አላበላሽም። እሳቸው በተሾሙ ማግሥት ጠረጴዛዎቹን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ሜዳው ላይ አወጧቸው። «የሚከፈተው ሁሉ በአደባባይ ይከፈት!» አሉ። ስሙም በዚያው ወጣላቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት እሳቸው ዘንድ አይሠራም፤ አልበሉም፣ አይቆጫቸውምም። ምላጯ ባሏ ሞቶባት፣ መግቢያ መውጫው ጠፍቷት የመጀመሪያ ጭነቷን ይዛ ስትመጣ ማንም እንዳያጉላላት የቆሙላት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ሥርዓቱን ከያዝሽ ማንንም አትለምኚ» ያሏትን እስከ ዛሬ ትናገረዋለች። ፍሬውን የሚያበላሸው ጠረጴዛ እንግዲህ የኚህ ሰው ጠረጴዛ ነው።

ስብሰባው ሲጀመር ዋና ኃላፊው ተነሱና፣ ጋሽ አደባባይ በቅርቡ ጡረታ እንደሚወጡ፣ ይህም የመጨረሻ መድረካቸው እንደሆነ ተናገሩ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ጠረጴዛውን ወደ አደባባይ አውጥተው ስማችንን ያስከበሩ ሰው» አሉ ዋና ኃላፊው። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አቀረቀሩ። ምላጯ ከጎናቸው ሆና አየቻቸው፤ ማጅራታቸው በፀሐይ ብዛት ጠቁሮ ተሸብሽቧል፣ የእጃቸው ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ይህን ሁሉ ዘመን እንጆሪው ላይ የወረደው ፀሐይ እሳቸውም ላይ ወርዷል።

«አሁን ተራው የላኪዎች ነው» ተባለ።

ማይኩን ተቀበለች። ከኋላዋ ወንድሟ እንዳለ ታውቃለች፤ ለዚህ ቀን ብሎ ኮት ለብሶ ነው የመጣው። «ያ የሚኮሩበት ጠረጴዛ አጠፋን ልበል? በክብራቸው ቀን? በሰው ፊት?» አለች በልቧ። «ውለታ ቢስ ናት አይሉኝም?» ጋሽ አደባባይ ቀና ብለው አዩአት።

«በይ ልጄ፣ ተናገሪ» አሏት በለሆሳስ።

ይህን ሲሏት ጨርሶ ቀለጠች። አንጀቷን የበላው የአባትነታቸው ድምፅ ነው።

«እኛ ላኪዎች…» ማይኩ አፏጨ። «እኛ ላኪዎች የመጣነው ለማመስገን ነው። ጋሼ ባሉበት ግቢ ችግር የሚባል ነገር የለም። ፍተሻውም… ፍተሻውም እንዳለ ቢቀጥል ደስ ይለናል።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ የድሮ ሰዎች። ዝም ብትል ምን ነበረበት? እሺ ታመስግን፤ ምስጋናው ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? «እንዳለ ቢቀጥል»ን ጨምሪ ያላት ማን ነው? ግን ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ አንዴ ማይክ ከጨበጠ የሚያቆምበትን አያውቅም።

ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። ከኋላ ግን ያጨበጨበ የለም። ጋሽ አደባባይም አላጨበጨቡም፤ ረጅም ጊዜ አዩአትና ዓይናቸውን ወደ እጃቸው መለሱ። እሷ ልባቸው ተነክቶ መሰላት።

«መልካም» አሉ ዋና ኃላፊው። «በፍተሻ በኩል ችግር የለም ማለት ነው። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምላጯ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ ያደረገችው ገና በቅጡ አልገባትም ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ ማየት አቃታት፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ አረንጓዴውን ጨርቅ ስታይ ቆየች፤ አንድ ቦታ ላይ የቆየ የቀለም ነጠብጣብ ነበረበት።

ኮሪደሩ ላይ አስተባባሪዋ ሮጣ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?» አለቻት ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ምነው የኔ ልጅ?»

«ሁሉም አልቆ ነበር እኮ! ወደየማሸጊያ ቤቱ የሚሄዱት ተቆጣጣሪዎች እንኳ ተመድበዋል። የቀረን የእርስዎ አንድ ቃል ነበር።»

«ካለቀ ታዲያ ምናለ እናንተው ብትናገሩት?»

«እኛ ከተናገርነው፣ ‹መንግሥት የነጋዴ ጓዳ ምን ሊሠራ ይገባል?› ይባላል። ጥያቄው ከእናንተ ነው መምጣት ያለበት። አሁን ደግሞ እንዳለ ይቀጥል ብለው በሕዝብ ፊት ጠየቁ። እስከሚቀጥለው መድረክ ማን ደፍሮ ይነካዋል?» ልጅቷ አልተቆጣችም፤ አዘነች እንጂ። አስተባባሪነቱን ከያዘች ወዲህ ለዚህች ነገር ስንት በር እንዳንኳኳች ፊቷ ላይ ይታያል።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች ምላጯ በልቧ። መሬት ግን ሲፈልጓት አትከፈትም፤ ከኮሪደሩ ወጥታ በእግሯ መኪናዎቹ ወደቆሙበት መሄድ ነበረባት። ላኪዎቹ እዚያው ቆመው ይጠብቋታል። ስትደርስ ወሬያቸውን አቆሙ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣ ቀልድ የማያጡት ወፍራም ላኪ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን የመሰለ ነገር ተናግሮባት በሰላም ቤቱ የገባ ሰው የለም። ያን ዕለት ግን አንገቷን ደፋች፤ ተረቱ ልክ ነበር።

ወንድሟ በሩን ከፈተላት፤ መኪናውን አስነሳ። የገበያውን መንገድ አልፈው፣ ድልድዩን ተሻግረው ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «ምሳ በልተሻል?» አላት።

«ስደበኝ እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። «ምን ሆነህ ነው ምሳ የምትለኝ?»

«ለምን እሰድብሻለሁ፣ እታለም? የሰው ፊት ከባድ ነው። እኔ ብሆን መነሳቱም ያቅተኝ ነበር።»

ቢሰድባት በስንት ጣዕሙ! ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በየመንገዱ ዳር የተተከለ እንጆሪ ያየች ይመስላታል።

ከዚያ ወዲያ ምላጯ ተደበቀች። ማሸጊያ ቤቷ የምትገባው በኋላ በር ሆነ። ስልኳ ሲጮህ የሌላ ሰው ስልክ ይመስል ታየዋለች። ሠራተኞቿ የጠፋውን ምላሷን ናፈቁት፤ ትሪ የጣለች ልጅ እንኳ ስድብ ስትጠብቅ ቆይታ ራሷ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች። ለተቆጣጣሪዎቹ ያዘጋጀችው ነጭ ጠረጴዛ ጥጉ ላይ እንዳለ ነው። አንድ ቀን ቀዝቃዛው ክፍል ስትገባ የሠራተኞች ካፖርት ተከምሮበት አገኘች። አልተቆጣችም። ካፖርቶቹን አንድ በአንድ አንስታ ምስማር ላይ ሰቀለቻቸው፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፋ አለቀሰች።

ከሁሉም የባሰው ግን የወንድሟ ሚስት ነገር ነው። ሴትዮዋ ክፉ አልተናገረችም። ምላጯ ወደ ማሳው ስትሄድ፣ ቀና ሳትል እንጆሪውን እየኮተኮተች፣ «እትዬ፣ በቆሎ የምንዘራው ከየትኛው ጫፍ ብንጀምር ይሻላል ትያለሽ?» አለቻት። ለአሽሙርም አልነበረም፤ እውነቷን መጠየቋ ነው። ምላጯ የመለሰችላትን እንኳ አታስታውሰውም።

የወንድሟ የመጀመሪያ ጭነት ቀን ደረሰ። አብራው ሄደች። ማንም ነይ አላላትም፤ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቁ ግን ከበዳት። የጭነት ግቢው ገላጣ ሜዳ እንደ ምጣድ ግሏል። ላኪዎቹ በየመኪናቸው ጥላ ሥር ተራ ይጠብቃሉ፤ ሰላምታ ሰጧት፤ ሰላምታው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ጋሽ አደባባይ ባርኔጣቸውን አድርገው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። ቦታቸውን የሚረከባቸው ጎልማሳ ከኋላቸው ሥራ እየተማረ ነው። ወንድሟ ካርቶኑን አምጥቶ አስቀመጠ፤ ሽማግሌው ከፈቱት። እንጆሪው ከብርድ እንደወጣ ድርቅ ብሎ፣ ጸድቶ፣ ቀልቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ላዩ ላይ ጤዛ የመሰለ ላብ ችፍ ማለት ጀመረ። ወንድሟ ላቡን አየና ሌላ ካርቶን ሊያመጣ ሄደ።

ያን ጊዜ አልቻለችም።

«ጋሼ።»

«አቤት ልጄ።»

«አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩት ውሸት ነው። ይህ ፀሐይ ፍሬውን እየገደለው ነው። ጠረጴዛው ይግባልን እንድል ነበር የተላክሁት። እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ…»

ሽማግሌው የያዙትን እንጆሪ ወደ ካርቶኑ መለሱ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሜዳ ላይ ቆሜ ፀሐይ የሚያደርገውን አላውቅም ትያለሽ? ጠረጴዛው ይግባ ብዬ ለዚያች አስተባባሪ ልጅ የነገርኳት እኔ ነኝ። ግን ‹ነጋዴ ጓዳ እንግባ› የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ቢወጣ፣ ሽማግሌው በስተርጅና ተገዛ ይሉኛል። ስለዚህ እናንተ በሰው ፊት ትጠይቃላችሁ፣ እኔም በሰው ፊት እሺ እላለሁ ብዬ መጣሁ። ያወጣሁትን ጠረጴዛ እኔው አስገብቼው ልሄድ።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። «የምለውንም ቤቴ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄው ነበር። ‹በይ ተናገሪ› ያልኩሽ ለዚህ ነው። አንቺ ግን አመሰገንሽኝ።»

«አመሰገንሽኝ» ያሉት የተሰደበ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው።

ምላጯ ይህን ስትሰማ እስከዚያ ድረስ ያፈረችው እፍረት ሁሉ እፍረት እንዳልነበረ ገባት። ላኪዎቹን አሳልፋ ስትሰጥ ቢያንስ የኚህን ሰው ክብር የጠበቀች መስሏት ነበር፤ በዚያች ትጽናና ነበር። ለካ እሱንም ነጥቃቸዋለች። ዘመናቸውን ሁሉ ምንም ያልበሉ ሰው ሲሄዱ ለራሳቸው የፈለጉት ነገር ቢኖር ያችው አንዲት «እሺ» ነበረች።

«አሁንስ፣ ጋሼ? አሁን እሺ ቢሉ አይሆንም?»

«አሁን የምናወራው እኔና አንቺ ነን። ሁለት ሰው ተንሾካሽኮ የሚለውጠው ሥርዓት እኔ ያፈረስኩት ነው።»

ምላጯ ወደ መኪናዎቹ ዞረች። ማይክ የለም፤ ያላት የፈረደበት ጉሮሮዋ ብቻ ነው።

«ስሙኝ!» አለች። «እዚያ አዳራሽ ውስጥ ዋሽቻለሁ! ፍተሻው በፀሐይ አይሁንብን! ቀዝቃዛ ክፍላችን ውስጥ ይሁንልን!»

ላኪዎቹ ከየጥላቸው ብቅ አሉ። አንድ ጫኚ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ማንም አላጨበጨበም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ማንም አፍ አውጥቶ አልተረተባትም፤ አስፈላጊም አልነበረም፣ ራሷ እየጮኸች በልቧ ትተርተው ነበር። ተረካቢው ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠርጎ በትሕትና ተናገረ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እትዬ። ለሚቀጥለው መድረክ ያቅርቡልን። ለአሁኑ ግን እንዳለ ይቀጥላል።»

«እንዳለ ይቀጥላል» ሲል የራሷን ቃል መመለሱ ነው፤ ክፋት የለበትም።

ጋሽ አደባባይ ባርኔጣቸውን ደፉና ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጎን ዞረው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቆሙ። ጥላቸው ካርቶኑ ላይ አረፈ። ግማሹ ግን ፀሐይ ላይ ቀረ። ምላጯ ትንሽ ቆይቶ ገባትና እሷም ሄዳ አጠገባቸው ቆመች፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ወጠረችው። እሳቸው ዝቅ ብለው መፈተሻቸውን ቀጠሉ። ማጅራታቸው ላይ ላብ ይወርዳል። ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

ወንድሟ ሁለተኛውን ካርቶን በትከሻው ይዞ መጣ። የሚቀጥለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ የመጣው ሁሉ መከፈት ስላለበት፣ ራሱ ከፈተው። የቀሩት መኪናው ውስጥ ናቸው፤ በሩ ተከፍቶ እስከ ጣራው ድረስ ተደርድረው ይታያሉ። እህቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ የተወጠረውን ነጠላ አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«እታለም» አላት ቀስ ብሎ፣ «ይኸኛውንስ ማን ይጋርደው?»